ያልተከፈለ ደመወዝ እንዴት ይቀጣል? ለክለባችን ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክለባችን የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢና አባላት፤

በቅድሚያ ከደጋፊዎች ማኅበራችን ሰላምታ ይድረሳችሁ።

የምንጽፍላችሁ በሜዳችን፣ በገዛ ሕዝባችን ፊት 2 ለ 0 ስለተሸነፍንበት ጨዋታ ነው። ሽንፈቱንስ እንችለዋለን። የዚህ ቡድን ደጋፊ ሆኖ ሽንፈት ያልቻለ ሰው ድሮ ትቶን ሄዷል። ያልቻልነው ከሽንፈቱ በኋላ ያወጣችኋቸውን መግለጫዎችና ያሳለፋችኋቸውን ውሳኔዎች ነው።

ቅሬታችንን መጀመሪያ ያቀረብነው በደንቡ መሠረት ነው። በጽሕፈት ቤታችሁ መዝገብ ቤት አስገብተን ቁጥር ወጥቶለታል። መልሱን ልንጠይቅ ስንመጣ "ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባልን። ሌላ ቀን ስንመጣም ስብሰባው አላለቀም። እስኪያልቅ መጠበቅ ስላልቻልን በአደባባይ ጻፍነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ እንበል። ሊጉ ከኮሮና ዘመን ወዲህ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የሚካሄደው። ድሮ አንዱን ሳምንት በሜዳችን፣ ሌላውን ከሜዳችን ውጪ እንጫወት ነበር። ዛሬ ቡድናችን አዳማ፣ ሀዋሳ ወይም ድሬዳዋ ከርሞ ነው የሚመለሰው። እኛ ዲኤስቲቪ ቤት መግቢያ ከፍለን፣ አግዳሚ ላይ ተጣበን እናየዋለን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እዚያ ከተማ ላለ ዘመድ ደውለን "ስንት ለስንት ሆነ?" እንላለን። ስለዚህ ውድድሩ ተራው ደርሶ ወደ ከተማችን ሲመጣ ለእኛ በዓል ነው። ባጃጁ ሁሉ የክለቡን ባንዲራ ያስራል። ቆሎና ሻይ የሚሸጡ እናቶች ከጠዋቱ ጀምሮ የስታዲየሙ አጥር ሥር ቦታ ይይዛሉ። ከገጠር ወረዳ በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣም አለ። የዚያን ዕለትም እንዲሁ ነበር።

ከዚያ ቀይ ካርዱ መጣ።

ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆነው ነው። ከኋላ የተላከች ረጅም ኳስ የተከላካዮቻችንን መስመር አልፋ ሄደች። የተጋጣሚ አጥቂ ቀድሞ ደረሰባት። ከፊቱ የነበረው በረኛችን ብቻ ነው። የመሐል ተከላካያችን ከኋላ ደርሶ ማልያውን ያዘው። ሳጥኑ (የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ) ውስጥ ሊገባ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ጣለው። ዳኛው እየሮጠ መጣና እጁን ወደ ኋላ ኪሱ ሰደደ። ከጥላ ፎቁ ማዶ ያለነው ማልያ ሲጎተት አላየንም። ያየነው ሁለት ሰው ተያይዞ ሲወድቅ ነው። ስታዲየሙ ውስጥ ድጋሚ የሚያሳይ ስክሪን የለም። በቃ፣ ተበደልን አልን። ደጋፊ እንዲህ ነው። ማታ ቪዲዮውን ደጋግሞ ሲያይ ይበርድለታል።

ብዙዎቻችን ያን ማታ ቪዲዮውን አየነው። ማልያው ከአጥቂው ጀርባ ክንድ ያህል ተስቦ ይታያል። ከኮሚቴያችን አባላት አንዱ የስፖርት መምህር ነው። ሕጉን አምጥቶ አነበበልን። ሕግ 12 ይባላል። ዳኛ "ግልጽ የጎል ዕድል ተሰናክሏል" ብሎ ቀይ ካርድ ከመምዘዙ በፊት አራት ነገር እንዲያይ ይነግረዋል። ጥፋቱ ከጎሉ ምን ያህል ይርቃል? ጨዋታው ወዴት እያመራ ነበር? አጥቂው ኳሷን የመቆጣጠር ዕድል ነበረው ወይ? ሌሎች ተከላካዮች የት ነበሩ? አራቱንም በእኛ ጨዋታ ላይ ብታስቀምጡ መልሱ አንድ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሕጉ ሲሻሻል ሳጥን ውስጥ ኳስ ለመንጠቅ ሞክሮ ጥፋት የሠራ ተከላካይ ከፍጹም ቅጣት ምቱ ጋር ቢጫ ብቻ እንዲያይ ተደርጓል። ማልያ የጎተተ ግን ያን ጊዜም ምሕረት አላገኘም። የእኛ ልጅ ደግሞ ጎትቷል፤ ያውም ከሳጥን ውጪ ነው። በየትኛውም በኩል ብትሄዱ ቀይ ነው።

እናንተ ግን በዚያው ምሽት በክለቡ የፌስቡክ ገጽ መግለጫ አወጣችሁ። ዳኛው ሆን ብሎ እንደጎዳን ጻፋችሁ። ድላችንን እንደተነጠቅን ጻፋችሁ። ቀይ ካርዱ ሲመዘዝ ጨዋታው ገና 0 ለ 0 ነበር፤ የተነጠቀው ድል የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባንም። ይበርድለት የነበረው ሰው መግለጫውን አንብቦ እንደገና ጋለ። የክለቡ ኃላፊዎች "ተሸጥን" ካሉ ተራው ደጋፊ ምን ይበል? በማግስቱ ዳኞቹ ያረፉበት ሆቴል በር ላይ ወጣቶች ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው የእናንተን መግለጫ በስልኩ እያስነበበ ሰው የሚቀሰቅስ ነበር። እኛ ሄደን በልምምጥ መለስናቸው። ከእናንተ ማንም አልመጣም።

ስለ ዳኛ ከተነሳ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ዋናው ብሔራዊ ቡድናችን ዓለም ዋንጫን ደርሶበት አያውቅም። ዳኞቻችን ግን ደርሰዋል። በዓምላክ ተሰማ በ2010 ዓ.ም. በሩሲያው ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር። ሊዲያ ታፈሰ በ2007 እና በ2011 ዓ.ም. በሴቶች ዓለም ዋንጫ ተመድባለች። ዳኛ አይሳሳትም እያልን አይደለም። ይሳሳታል፤ አንዳንዴም በጣም ይሳሳታል። ግን "ተሳሳተ" ሌላ፣ "ተሸጠ" ሌላ ነው። ሁለተኛውን የሚል ሰው ማስረጃ ይዞ ይቅረብ።

ደግሞስ ቀይ ካርድ ሽንፈት ነው ያለው ማነው? በጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ዋሊያዎቹ ከዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ በረኛው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ። ዛምቢያ ያኔ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶብናል። እንዲያም ሆኖ በ10 ሰው ተጫውተን፣ አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ወጣን። ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ ሲሳይ ባንጫ መጨረሻ ላይ በቀይ ሲወጣ ቅያሪ አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ጎል ላይ ቆመ። ሌላው በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ነው። ከኬፕ ቨርዴ ጋር ገና በ12ኛው ደቂቃ ያሬድ ባየህ በቪኤአር (ዳኛ በቪዲዮ በሚታገዝበት አሠራር) ታይቶ በቀይ ወጣ። ያን ሁሉ ደቂቃ በጎዶሎ ተጫውተን የተሸነፍነው 1 ለ 0 ነው። እነዚህን ጨዋታዎች ያየ ደጋፊ ነው ፊታችሁ ያለው። "ቀይ ካርድ ስላየን ተሸነፍን" ብላችሁ አታሳምኑትም።

በ10 ሰው ከቀረን በኋላ ምን እንደሆነ እንነጋገር። አሠልጣኙ ወደ ተቀያሪ ወንበር ዞረ። ወንበሩ ላይ ተከላካይ የለም! ሦስት አጥቂ፣ ሁለት አማካይ፣ አንድ በረኛ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ የመስመር ተጫዋቹን ወደ መሐል ተከላካይነት አመጣው። ልጁ በሕይወቱ እዚያ ቦታ ተሰልፎ አያውቅም። ሁለቱም ጎሎች የገቡት በእሱ በኩል ነው። በእሱ አንፈርድም። የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ሁለቱ ተቀያሪ ተከላካዮች የት ነበሩ?

መልሱን ከራሳቸው ሰምተናል። ደመወዝ ስላልተከፈላቸው ልምምድ አቁመው ነበር። አንደኛው የቤት ኪራይ ተጠይቆ ዕቃውን ጓደኛው ዘንድ አስቀምጦ ወደ ወላጆቹ ሄዷል። ሌላው እዚሁ ከተማ ነው ያለው። ጨዋታውን ከእኛ ጋር፣ ትኬት ቆርጦ፣ ክፍቱ ጋ ተቀምጦ ነው ያየው። የክለቡ ተጫዋች የክለቡን ጨዋታ ትኬት ቆርጦ ሲያይ ማየት ያማል። ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ለምሳ ጋብዞታል።

እንግዲህ ወደ ርዕሳችን መጣን። ከጨዋታው በኋላ ቦርዱ ተሰብስቦ በቀይ የወጣውን ተከላካይ በአንድ ወር ደመወዝ ቀጣው። ደብዳቤው ላይ "ክለቡን ለሽንፈት በመዳረጉ" ይላል። ይህ ልጅ ያለፉት ወራት ደመወዙ አልተከፈለውም። ያልተከፈለ ደመወዝ እንዴት ነው የሚቀጣው? ሒሳብ ክፍሉ በየትኛው ዓምድ ላይ ነው የሚጽፈው? ካልሰጣችሁት ብር ላይ ቀንሳችሁ ስንት ትሰጡታላችሁ? ይህን ጥያቄ ከኮሚቴያችን አንዱ በመዝገብ ቤቱ መስኮት በኩል ሲጠይቅ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን አዞረች። እኛም ሳቅን። ልጁ ግን አይስቅም። ቀይ ካርድ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን ጨዋታ በራሱ ጊዜ ይቀጣል። ሕጉ ያስቀመጠለት ቅጣት እሱ ነው። ሌላው የእናንተ ጭማሪ ነው።

ይባስ ብሎ ፎቶውን ከቅጣቱ ዜና ጋር በክለቡ ገጽ ለጠፋችሁት። ከሥሩ የተጻፈውን ስድብ አንብባችሁታል? እናቱን ጭምር ነው የሰደቡት። ለቀናት ማንም አላጠፋውም። አጥፉልን ብለን የጻፍነው እኛ ነን፤ ያጠፋችሁት ግን የእኛን አስተያየት ነው። ልጁ ገና ታዳጊ ሳለ ከዚሁ ከተማ የሰፈር ሜዳ የወጣ ነው። ነገ በዚሁ ሰፈር ነው የሚያልፈው።

ስለ ደጋፊው ቅጣት እንቀጥል። ከጨዋታው በኋላ የውኃ ሃይላንድ ወደ ሜዳ ተወርውሯል። ይህን አንክድም፤ አይተናል። የወረወረው ማን እንደሆነ ተለይቶ ቢጠየቅ ደስ ይለናል። ማኅበሩም ከአባልነት ይሰርዘዋል። ነገር ግን ሃይላንዱ በበሩ እንዴት አለፈ? እስከ ዛሬ በር ላይ የሚቆሙት፣ ሰው የሚያሰልፉት፣ የሚፈትሹት የማኅበራችን አስተባባሪዎች ነበሩ። ባጅና ሰደርያ ከክለቡ ይሰጣቸው ነበር። ዘንድሮ ቦርዱ "አዲስ አሠራር አለ" ብሎ ባጁን ከለከለ። አዲሱ አሠራር ምን እንደሆነ በዕለቱ አየነው፤ ማንም አልነበረም። ሕዝቡ የገባው በአንድ በር ነው። ሌሎቹ በሮች ቁልፋቸው ጠፋ ተባለ። ሲወጣም በዚያው በአንዱ በር ነው። ተናዶ የሚወጣ ሕዝብ በአንድ በር ሲወጣ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የተጎዳ ሰው አለመኖሩ የእግዜር ሥራ ነው።

አስጨፋሪያችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ጀርባውን ለሜዳው፣ ፊቱን ለሕዝቡ ሰጥቶ ነው የሚቆመው። ጨዋታ አይቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ጎል ሲገባ እንኳ የሚያውቀው ከእኛ ፊት ነው። ቀይ ካርዱም ሲመዘዝ "ምን ሆነ? ማን ወጣ?" እያለ ሲጠይቅ ነበር። ሃይላንድ መወርወር ሲጀመር አጥሩ ላይ ወጥቶ በድምፅ ማጉያ "ተዉ! ክለባችንን ታስቀጣላችሁ!" ብሎ ጮኸ። አጥር ላይ የወጣ ሰው ስለሆነ መጀመሪያ የተያዘው እሱ ነው። አንድ ሌሊት ታስሮ አደረ። ከበሮውንም ወሰዱበት። ዋስ ሆነን ያስወጣነው እኛ ነን። ሰውየው ሊያረጋጋ እንጂ ሊረብሽ እንዳልወጣ የሚመሰክር አንድ ሰው ከክለቡ ላኩልን ብለን ደወልን። ስልኩ ተነሳ። "እናየዋለን" ተባለ። ከበሮው እስካሁን አልተመለሰም። ሲጠይቅ "የክለቡን ደብዳቤ አምጣ" ይሉታል። ደብዳቤው ሦስት መስመር አይሞላም፤ የሚፈርምበት ሰው ነው የጠፋው።

ከዚያ የውድድሩ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ውሳኔ መጣ። ክለቡ የገንዘብ ቅጣት ተጣለበት። ውድድሩ በከተማችን እስኪያበቃ ያሉትን ጨዋታዎች ደግሞ ያለ ደጋፊ እንዲጫወት ተወሰነ። የገንዘብ ቅጣቱ ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ወደ ሜዳ የተወረወረው ዕቃ ነው። ሌላው በመገናኛ ብዙኃን የጨዋታ አመራሮችን ክብር የሚነካ መግለጫ መሰጠቱ ነው። ሃይላንዱን የወረወረው ከእኛ መሐል ያለ ሰው ነው እንበል። መግለጫውን የወረወረው ማነው?

በውሳኔው ማግስት ሁለተኛ መግለጫ አወጣችሁ። በዚህኛው ዳኛው የሉም። ጥፋተኞቹ "ጥቂት ሥርዓት የጎደላቸው ደጋፊዎች" ሆነዋል። በመጀመሪያው መግለጫ ተበዳይ ነበርን፤ በሁለተኛው በዳይ ሆንን። በመካከሉ የተቀየረው ቅጣቱ መምጣቱ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ የገንዘብ ቅጣቱን ለማካካስ የደጋፊነት መታወቂያ ማደሻ ዋጋ ሊጨመር እንደሆነ ሰምተናል። ይህን አንቀበልም። ባለፈው ዓመት የተሸጠው ማልያ ስንት እንደሆነ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ሪፖርት ሳይቀርብልን አንዲት ሳንቲም አንጨምርም። እንደ አብዛኛው የሀገራችን ክለብ በመንግሥት በጀት ነው የምንተዳደረው። በጀት ሲዘገይ ደመወዝ እንደሚዘገይም እናውቃለን። ግን በዚያው ሰሞን ክለቡ አዲስ መኪና ገዝቷል።

ከሁሉም ያንገበገበንን ወደ ኋላ ያቆየነው በቅጡ ልንነግራችሁ ነው። ያለ ደጋፊ የመጫወቱ ቅጣት ይግባኝ ሊባልበት ይችል ነበር። የውሳኔው ደብዳቤ ራሱ ይግባኝ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብና የማስያዣውን ክፍያ ጽፎታል። ማስረጃ ነበረን። አስጨፋሪው አጥር ላይ ወጥቶ ሲለምን የሚያሳይ ቪዲዮ አለን። ሆቴሉ በር ላይ ወጣቶቹን ስንመልስ ያዩ ሰዎች አሉ። ሁሉንም በፍላሽ አድርገን ለክለቡ ጽሕፈት ቤት አስረከብን። ይግባኙ ግን አልቀረበም። ጊዜው አለፈ። ፍላሹ የተረከበችው ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ፣ ስቴፕለሩ አጠገብ እንደተቀመጠ አገኘነው። ማንም አልከፈተውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ እናስታውስ። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ዋሊያዎቹ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። በሁለት ቢጫ ካርድ ማረፍ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ግን በዚያ ጨዋታ ተሰልፎ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን አሸንፈን ሕዝቡ ሲጨፍር ነው ፊፋ ጉዳዩን እየመረመረ መሆኑ የተሰማው። ሦስቱ ነጥብ ሄደ፤ ጨዋታውም ለቦትስዋና በ3 ለ 0 ተመዘገበ። ተጫዋቾቹ ላባቸውን ያፈሰሱበት ነጥብ ካርድ ባለመቆጠሩ ተበላ። ያኔ ቡድኑ እንደምንም ከምድቡ አለፈ። ያን ቀን የነበረ ሰው ግን የቢሮ ሥራ ምን ያህል ጎል እንደሚያስቆጥር ያውቃል። እናንተ ዘንድም የሆነው ይኸው ነው። ስለ ዳኛው ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ መግለጫ ጻፋችሁ። ስለ እኛ ይግባኝ ለመጻፍ ግን ሙሉው የጊዜ ገደብ አልበቃችሁም። በዳኛው ላይስ ቢሆን ክስ አስያዛችሁ? አምበሉ ሜዳ ላይ ያስያዘው ክስ የለም፤ ከጨዋታው በኋላም በጽሑፍ የገባ የለም። የምትሉትን ብታምኑበት ኖሮ ታስገቡ ነበር።

የዚህ መዘዝ በማን ላይ እንደወደቀ እዩ። ቡድናችን በገዛ ከተማው ሲጫወት እኛ ከአጥሩ ውጪ ነን። ባለፈው ጨዋታ ከስታዲየሙ ጀርባ ባለ ጅምር ሕንጻ ላይ የወጡ ልጆች ነበሩ። ዘበኛው ከፎቅ ፎቅ ሲያባርራቸው ዋለ። ከመካከላቸው ወድቆ የሚሞት ቢኖር ሦስተኛ መግለጫ ይወጣ ነበር። ሻይና ቆሎ የሚሸጡት እናቶች የገዙት ዕቃ በእጃቸው ቀርቷል። እነሱ ሃይላንድ አልወረወሩም።

በሌላው ዓለም ዳኛ ሲሳሳትም ሆነ ልክ ሲሆን ለደጋፊ ይነገረዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ባዘጋጁት የሴቶች ዓለም ዋንጫ ዳኞች ቪኤአር አይተው የወሰኑትን በማይክ ለስታዲየሙ ይናገሩ ነበር። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሊቨርፑል ሁለት ተጫዋች በቀይ ወጥቶበት በቶተንሃም 2 ለ 1 ሲሸነፍ፣ ጎሉ በስህተት የተሻረበት የቪኤአር ክፍል ንግግር ከቀናት በኋላ ለሕዝብ ተለቋል። በከተማችን ያለው የሊቨርፑል ደጋፊ ሁሉ ሰምቶታል። የዚያን አገር ዳኛ ምን እንዳለ እያወቀ የገዛ ክለቡን የጨዋታ ኮሚሽነር ሪፖርት አያውቅም። በእኛ ሊግ ቪኤአር የለም፤ አምጡም አንልም። ሪፖርቱ ግን በእጃችሁ ነው። ለተወካዮቻችን አንብቡልን ብንል ምን ይጎድልባችኋል?

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

የተከላካዩ የደመወዝ ቅጣት በጽሑፍ ይሻር። ፎቶውና ከሥሩ ያለው ስድብ ከክለቡ ገጽ ይውረድ። የእሱም የሌሎቹም ውዝፍ ደመወዝ መቼ እንደሚከፈል ቀኑ ይገለጽ። ሁለቱ ተቀያሪ ተከላካዮች ወደ ልምምድ እንዲመለሱ ሰው ተልኮ ይነጋገራቸው።

በዳኛው ላይ የወጣው መግለጫ ይታረም። ማስረጃ ካላችሁም አቅርቡትና አብረናችሁ እንቆማለን።

ይግባኙ ለምን እንዳልቀረበ፣ ኃላፊነቱም የየትኛው ክፍል እንደነበር ይነገረን። ስም አንጠይቅም፤ የሥራ መደቡ ይበቃናል። ቅጣቱ እንዲቀልልን የሚጠየቅበት መንገድ ካለም ፍላሹ አሁንም እናንተው ዘንድ ነው።

የገንዘብ ቅጣቱ በደጋፊነት መታወቂያ ዋጋ ላይ አይጫን። በመግለጫው የመጣውን ክፍል መግለጫውን ያወጡት ይክፈሉት።

አስጨፋሪው ከበሮውን እንዲያስመልስ የሚያስፈልገው ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ይጻፍለት።

ውድድሩ እንደገና ወደ ከተማችን ሲመጣ ሁሉም በሮች ይከፈቱ፤ የአስተባባሪዎቻችን ባጅ ይመለስ፤ ከጨዋታው በፊትም ከማኅበሩ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ።

መልሳችሁን የምንጠብቀው ውድድሩ ከከተማችን ሳይወጣ ነው። ለስብሰባ ከጠራችሁን እንመጣለን፤ ሰዓቱን ብቻ ንገሩን።

ከሰላምታ ጋር፣

ስለ ደጋፊዎች ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
የማኅበሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለውድድሩ አዘጋጅ አካል
ለከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት
ለክለቡ ተጫዋቾች ተወካይ